ሐዘን ሲደራጅ፤ በፖሊስ እጅ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ትግል በብሪታንያ

«እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ይላል የአገራችን ሰው። ሽፍታ ወይም ሌባ ሰው ቢገድል የሟች ቤተሰብ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አቤት ይላል። ፖሊስ ይመረምራል፤ ዐቃቤ ሕግ ይከስሳል፤ ዳኛ ይፈርዳል። ሟቹ ሕይወቱ ያለፈው በራሱ በፖሊስ እጅ በሆነ ጊዜ ግን ቤተሰቡ ወዴት ይሂድ? የምስክሮችን ቃል የሚቀበለው፣ ማስረጃ የሚሰበስበው፣ መዝገብ የሚከፍተውና የሚዘጋው አካል ያው ተጠርጣሪው የወጣበት ቤት ሲሆን እውነቱ በማን አንደበት ይነገር?

ይህ ጥያቄ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ፖሊስ ባለበት አገር ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄውን ከነድሉና ከነሽንፈቱ ለመመርመር የሚፈልግ ሁሉ የብሪታንያ ቤተሰቦች ከአርባ ዓመታት በላይ ካካሄዱት ትግል ሰፊ ትምህርት ያገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ፖሊስ የሚይዘው ዱላ፣ ካቴናና ጠመንጃ የግል ንብረቱ አይደለም። ኅብረተሰቡ ጸጥታውን ያስከብርለት ዘንድ በአደራ የሰጠው ሥልጣን ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ በተጠየቀ ጊዜ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። በአደራ የተሰጠ ከብት ቢጠፋ እንኳ እረኛው የት እንዳደረሰው ይጠየቃል። በእጁ የገባው ሰው ሕይወቱን ያጣ እንደሆነማ ጥያቄው የቱን ያህል ይከብድ!

በብሪታንያ ኢንክዌስት የተባለው ለሟች ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት በሚይዘው መዝገብ መሠረት፣ ከ1990 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ በፖሊስ ቁጥጥር ሥር እያሉ ወይም ከፖሊስ ጋር ከተገናኙ በኋላ ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ቁጥር ከ1,800 በላይ ነው። ይህ ቁጥር በጥይት የተመቱትን ብቻ ሳይሆን በመኪና ማሳደድ ጊዜ የሞቱትንም ስለሚጨምር፣ እያንዳንዱ ሞት ወንጀል ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዘመን በሥራ ላይ እያለ ሰው በመግደሉ ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት ፖሊስ አንድ ብቻ መሆኑ ራሱን የቻለ ምስክር ነው። ይኸውም ዳልያን አትኪንሰን የተባሉትን የቀድሞ የእግር ኳስ ተጫዋች በ2016 በቴልፎርድ ከተማ የገደለውና በ2021 ስምንት ዓመት እሥራት የተፈረደበት ፖሊስ ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ በዚያች አገር ከሠላሳ ዓመታት በላይ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

በአገራችን ለቅሶ ደራሽ ድንኳን እስኪፈርስ ድረስ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። በመንግሥት እጅ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ለቅሶ ግን በሠልስት አያበቃም። መዝገቡ እስኪዘጋ አራት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ሠላሳ ዓመት ይፈጃል። በዚህ ረጅም ጎዳና ላይ ብቻውን የቀረ ሐዘን በቀጠሮ ብዛትና በወጪ ክብደት ያልቃል። የተደራጀ ሐዘን ግን የተዘጋ መዝገብ ያስከፍታል። የብሪታንያ ቤተሰቦች ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

የሳውዝሆል መምህር

ሳውዝሆል በለንደን ምዕራባዊ ክፍል የሚገኝ የሠራተኞች ሠፈር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከፑንጃብ የመጡ ሕንዳውያን በጎማ ፋብሪካና በሂትሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ጉልበታቸውን እየሸጡ ኖረውበታል፤ የራሳቸውንም የሠራተኞች ማኅበር አቋቁመውበታል። በ1979 የምርጫ ዘመቻ ጊዜ ናሽናል ፍሮንት የተባለው ዘረኛ ፓርቲ የምርጫ ስብሰባውን በዚሁ ሠፈር ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለማካሄድ ተነሣ። ነዋሪው አዳራሹ እንዳይፈቀድ ጠየቀ። የሚሰማው አጣ። ኤፕሪል 23 ቀን ሕዝቡ ተቃውሞውን ለመግለጥ ወደ አደባባይ ሲወጣ ከ2,500 በላይ ፖሊሶች በሠፈሩ ተሠማርተው ጠበቁት።

በዚያን ዕለት ለተቃውሞው ከወጡት መካከል ብሌር ፒች የተባሉ የ33 ዓመት መምህር ይገኙበት ነበር። ትውልዳቸው ኒውዚላንድ ሲሆን፣ በምሥራቅ ለንደን ልዩ ትምህርት የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት የሚያስተምሩና በመምህራን ማኅበራቸው ውስጥ የነቃ ተሳትፎ የነበራቸው ሰው ነበሩ። ከሰልፉ ወደ ቤታቸው ለመመለስ በአንድ የመኖሪያ መንገድ ሲያልፉ ራሳቸውን ተመቱ። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ሕይወታቸው አለፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለብዙ ቤተሰቦች የደረሰው ዕጣ ምሳሌ ነው። አንድ ከፍተኛ የፖሊስ አዛዥ ጉዳዩን መርምሮ ዘገባ አቀረበ። ዘገባው ግን ለቤተሰቡ አልተሰጠም። የአሟሟት ምርመራ ችሎቱ ሲጀመር መርማሪው ዳኛ ከሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች፣ ማለትም ጁሪ፣ ሳይኖሩ ጉዳዩን ለመስማት ፈለጉ። ይህ የተለወጠው ቤተሰቡ ይግባኝ ብሎ በበላይ ፍርድ ቤት ከረታ በኋላ ነው። በ1980 ጁሪው የሰጠው ውሳኔ ሞቱ የድንገተኛ አደጋ ውጤት ነው የሚል ሆነ። አንድም ፖሊስ አልተከሰሰም። የፖሊሱ አዛዥ ዘገባ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ2010፣ መምህሩ በሞቱ በ31 ዓመት ነበር። በዘገባው ውስጥ የተገኘው ምንድን ነው? መምህሩን የመታው በአንድ የፖሊስ መኪና ከነበሩት አባላት አንዱ መሆኑ እጅግ አድርጎ የሚያስተማምን እንደሆነ፣ ከእነርሱም መካከል አንዳንዶቹ ለመርማሪው ሐሰት እንደተናገሩ የሚገልጥ ሐተታ ነው። ስለዚህ መንግሥት እውነቱን አጥቶት አልነበረም። በመሳቢያው ውስጥ ቆልፎት ነበር እንጂ!

የመምህሩ የሕይወት ጓደኛ ወይዘሮ ሲሊያ ስተብስ እቤታቸው ተቀምጠው ማልቀስን አልመረጡም። በእሥር ቤትና በፖሊስ እጅ ሰው ከሞተባቸው ሌሎች ቤተሰቦች ጋር ተገናኙ። ሁሉም ተመሳሳይ ታሪክ ይዘው ተገኙ። ለሁሉም ማስረጃው ተደብቆባቸዋል፤ ለሁሉም የሟቹ ስም ጠፍቶባቸዋል፤ ሁሉም ጠበቃ የሚከፍሉበት ገንዘብ አጥተዋል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የግል ዕድሉ የመሰለው ነገር የአሠራር ውጤት መሆኑ የታወቀው ሲገናኙ ነው። ኢንክዌስት የተባለው ድርጅት በ1981 የተመሠረተውም ከዚህ ግንዛቤ ነው። ድርጅቱ ለቤተሰቦች ያለ ክፍያ ምክር ይሰጣል፤ በሙያው ከበሰሉ ጠበቆች ጋር ያገናኛቸዋል፤ መንግሥት በሚገባ ያልቆጠረውን ሞት ይቆጥራል። በሳውዝሆል ደግሞ ዛሬ በመምህሩ ስም የሚጠራ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ።

በአንድ ችሎት ሁለት ሚዛን

የቤተሰቦቹን ችግር በሚገባ ለመረዳት የአሟሟት ምርመራ ችሎት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር የአሟሟት መርማሪ ዳኛ ሹመት በ1194 የተጀመረ ጥንታዊ ሥርዓት ነው። የዚህ ችሎት ሥራ ማን፣ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሞተ ማጣራት ነው። ወንጀለኛ አይለይም፤ ቅጣትም አይሰጥም። ያም ሆኖ ዐቃቤ ሕግ ክስ አልመሠርትም ባለበት ጉዳይ ሁሉ፣ ፖሊሶች በሕዝብ ፊት ቀርበው በጠበቃ የሚጠየቁበት መድረክ ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ ለቤተሰቡ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አጋጣሚ ይሆናል።

ታዲያ በዚህ መድረክ ላይ ተከራካሪዎቹ እኩል ናቸውን? በፍጹም። የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ በመንግሥት ገንዘብ የተቀጠረ ጠበቃ ይዞ ይቀርባል። ፖሊሶቹም እንደዚሁ የየራሳቸው ጠበቃ ይቆምላቸዋል። ሆስፒታል ወይም የእሥር ቤት አስተዳደር ያለበት እንደሆነ የጠበቆቹ ወንበር ይበዛል። የሟች እናት ግን የመንግሥት የጥብቅና ድጋፍ ለማግኘት ማመልከት፣ ደመወዟንና ጥሪቷን ማስመርመር፣ አንዳንዴም የዘመዶቿን ገቢ ጭምር ማስቆጠር ይጠበቅባት ነበር። አመልክታም ልትከለከል ትችላለች። እንግዲህ ሠራተኛዋ እናት በከፈለችው ግብር የልጇን ስም የሚያጠፋ ጠበቃ ይቀጠራል፤ ለራሷ ጠበቃ ግን በጎረቤቶቿ መዋጮ ላይ ትወድቃለች። ከዚህ የበለጠ የተጣመመ ሚዛን ከየት ይገኛል?

ይህ አሠራር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በሰፊው የታየው በሂልስቦሮ ጉዳይ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ የእግር ኳስ ሜዳ በተፈጠረው መጨናነቅ ለሞት የተዳረጉት ሰዎች ቁጥር 97 ደርሷል። ሟቾቹ የሊቨርፑል ቡድን ደጋፊዎች ሲሆኑ፣ ፖሊስ ጥፋቱን በራሳቸው በተመልካቾቹ ላይ ደፈደፈ። ቤተሰቦቹ ከሃያ ዓመታት በላይ ከታገሉ በኋላ፣ በ2012 አንድ ነጻ ጉባዔ ከ160 በላይ የሆኑ የፖሊስ የምስክርነት ቃሎች ተለውጠው እንደነበር አጋለጠ። በ2016 አዲስ ጁሪ ሟቾቹ ከሕግ ውጭ በሆነ መንገድ ሕይወታቸውን እንዳጡ ወሰነ። በስማቸው የሚጠራው የሕግ ረቂቅ በሴፕቴምበር 2025 ለብሪታንያ ምክር ቤት ቀርቧል። ረቂቁ የመንግሥት ባለሥልጣናት ለምርመራ እውነቱን የመናገር ግዴታ እንዲኖርባቸው፣ የመንግሥት አካል በሚጠየቅበት የአሟሟት ምርመራም ሐዘንተኛ ቤተሰቦች ገቢያቸው ሳይመረመር ጠበቃ እንዲቆምላቸው የሚያዝ ነው። ሲሊያ ስተብስና ጓደኞቻቸው በ1981 የጠየቁት ጥያቄ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ የቀረበው ከ44 ዓመታት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከአንድ ቤተሰብ ወደ ብዙ ቤተሰብ

ክሪስቶፈር አልደር በሃል ከተማ ይኖሩ የነበሩ የ37 ዓመት ሰው ናቸው። ወላጆቻቸው ከናይጄሪያ የመጡ ሲሆኑ፣ እርሳቸው በብሪታንያ የአየር ወለድ ጦር ውስጥ አገልግለዋል። ኤፕሪል 1 ቀን 1998 በአንድ የምሽት ክበብ ደጃፍ ተመትተው ወደ ሆስፒታል ከተወሰዱ በኋላ፣ ፖሊሶች ከዚያ ይዘዋቸው ወደ ጣቢያ አመጧቸው። እጃቸው በካቴና እንደታሠረ በጣቢያው ወለል ላይ በግምባራቸው ተደፍተው፣ ለመተንፈስ ሲታገሉ ከአሥር ደቂቃ በላይ ቆዩ። ፖሊሶቹ አጠገባቸው ቆመው ይጨዋወቱ ነበር፤ ሰውዬው እያስመሰለ ነው ይሉም ነበር። ትንፋሻቸው ሲቋረጥ ሁሉም በጣቢያው ካሜራ ተቀርጿል።

በ2000 የአሟሟት ምርመራው ጁሪ ሞቱ ከሕግ ውጭ የሆነ ግድያ ነው ሲል ወሰነ። በ2002 የተከሰሱት ፖሊሶች ግን በዳኛው ትእዛዝ በነጻ ተለቀቁ። በ2006 የፖሊስ አቤቱታ ሰሚው ኮሚሽን አራት ፖሊሶች እጅግ ከባድ የሥራ ቸልተኝነት ፈጽመዋል አለ። በ2011 ደግሞ ሰሚን የሚያስደነግጥ ነገር ተገኘ። ቤተሰቡ በ2000 የወንድማቸው ሬሳ መስሏቸው የቀበሩት የአንዲት የ77 ዓመት አረጋዊት ሬሳ ነበር። የአቶ ክሪስቶፈር ሬሳ ለአሥራ አንድ ዓመታት በሬሳ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር! እኛ ለሟች የክብር ቀብር ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ ሕዝብ እንደመሆናችን፣ ይህ በአንድ ቤተሰብ ላይ የተጣለ ቁስል ጥልቀቱ አይጠፋንም።

የሟቹ እኅት ወይዘሮ ጃኔት አልደር በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለወንድማቸው ጉዳይ በየመድረኩ ከመቆም አላቋረጡም። ብቻቸውንም አልነበሩም። በ1997 በፖሊስ፣ በእሥር ቤትና በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሰው የሞተባቸው ጥቁር ቤተሰቦች «የተባበሩት ቤተሰቦችና ወዳጆች ዘመቻ» የተባለ ኅብረት አቋቁመው ነበር። ኅብረቱ በኋላ ከየትኛውም ዘር ለመጡ ቤተሰቦች በሩን ከፈተ። በየዓመቱ በኦክቶበር ወር መጨረሻ ቅዳሜ ቤተሰቦቹ ጥቁር ለብሰው፣ የሟቾቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው፣ ከትራፋልጋር አደባባይ ተነሥተው የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ወደሚገኝበት ዳውኒንግ ጎዳና በዝምታ ይጓዛሉ። የሟቾችን ስም ያነባሉ፤ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ያስረክባሉ። የዚህ ሥርዓት ቁም ነገር ከሰልፉ ውበት አይደለም። ትናንት ልጇን ያጣች እናት ከሃያ ዓመት በፊት ልጇን ካጣች እናት ጎን ትቆማለች። የመጀመሪያዋ ከሁለተኛዋ የምትማረው ብዙ ነው። ሬሳው ሁለተኛ በነጻ ሐኪም እንዲመረመር ማን ዘንድ እንደሚመለከት፣ የካሜራ ፊልም ሳይጠፋ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ፖሊስ ለጋዜጣ የሚሰጠው የመጀመሪያ መግለጫ ለምን ወዲያውኑ መመለስ እንዳለበት ትነግራታለች። ይህን ዕውቀት ያከማቹት ሐዘንተኞች ራሳቸው ናቸው።

ቤተሰብ መርማሪ ሲሆን

ይህ ዕውቀት ምን ፍሬ እንዳፈራ በሾን ሪግ ጉዳይ ታይቷል። ሙዚቀኛው ሾን ሪግ የ40 ዓመት ሰው ሲሆኑ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። ኦገስት 21 ቀን 2008 ሕመማቸው ሲነሣባቸው በሚኖሩበት ቤት ያሉ ተንከባካቢዎች ደጋግመው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊስ ዘግይቶ ደረሰና በደረታቸው አስተኝቶ ያዛቸው። በኪሳቸው የነበረው የራሳቸው ፓስፖርት የተሰረቀ ነው ተብሎ በሌብነት ተጠረጠሩ። በብሪክስተን ፖሊስ ጣቢያ ግቢ በመኪና ውስጥ እንዲቆዩ ከተደረገ በኋላ በዚያው ምሽት ሞቱ።

ለፖሊስ አቤቱታ የተቋቋመው ኮሚሽን በመጀመሪያ ምርመራው ፖሊሶቹን ነጻ አደረጋቸው። ይሁን እንጂ እኅታቸው ወይዘሮ ማርሻ ሪግና ቤተሰባቸው የካሜራውን ፊልም ከፖሊሶቹ ቃል ጋር ሰዓት በሰዓት አስተያዩ። አንድ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ መኪናው ድረስ ሄጄ ሰውዬውን አይቻለሁ ያለው ቃል ከፊልሙ ጋር እንደማይስማማ አገኙ። ኦገስት 1 ቀን 2012 ጁሪው ፖሊስ የተጠቀመበት ኃይል ተገቢም አስፈላጊም እንዳልነበረና ለሞቱም አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት የውጭ ገምጋሚዎች የኮሚሽኑ ምርመራ ጉድለት እንደነበረበት አረጋገጡ። እንግዲህ ደመወዝ የሚከፈለው መርማሪ ያላየውን ያየው ሐዘንተኛው ቤተሰብ ነው።

በ2010 ደግሞ ኦላሴኒ ሉዊስ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት ለሕክምና በገባበት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ አሥራ አንድ ፖሊሶች ተረባርበው ከያዙት በኋላ ሕይወቱ አለፈ። ወላጆቹ ሰባት ዓመት ታግለው በ2017 ጁሪው ኃይሉ ከልክ ያለፈ እንደነበር እንዲወስን አደረጉ። በዚህም አላበቁም። በ2018 በልጃቸው ስም «የሴኒ ሕግ» እየተባለ የሚጠራው አዋጅ ጸደቀ። አዋጁ እያንዳንዱ የአእምሮ ሕክምና ተቋም በሕሙማን ላይ ኃይል የተጠቀመበትን ጊዜ ሁሉ እንዲመዘግብ፣ ሠራተኞቹን እንዲያሠለጥን፣ የሚጠሩ ፖሊሶችም በተቻለ መጠን የደረት ካሜራ እንዲይዙ ያዛል። የሪግና የሉዊስ ቤተሰቦች በጊዜው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ከነበሩት ከቴሬዛ ሜይ ጋር ከተነጋገሩ በኋላም፣ በ2015 በዴም ኤሊሽ አንጆሊኒ የሚመራ ነጻ አጣሪ ተቋቁሞ በ2017 አንድ መቶ አሥር የማሻሻያ ሐሳቦችን አቅርቧል። ከእነዚህ ዋነኛው ቤተሰቦች ያለ ክፍያ ጠበቃ ያግኙ የሚለው ነበር።

የጎረቤት እጅ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቤተሰቦቹ ጽናት ነው። ይሁን እንጂ የጎረቤቱ፣ የሠራተኛ ማኅበሩና የተራው ዜጋ ድርሻ ምን እንደሆነ ሳናነሣ ብንቀር ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1985 ማለዳ መሣሪያ የያዙ ፖሊሶች አንደኛውን ወንድ ልጅ ለመያዝ በብሪክስተን ወደሚገኘው የወይዘሮ ቼሪ ግሮስ ቤት ገቡ። የተፈለገው ልጅ አልነበረም። እናቲቱ በልጆቻቸው ፊት በጥይት ተመቱ። ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረው በ2011 አረፉ። ተኳሹ ፖሊስ በ1987 በነጻ ተለቅቆ ነበር። በተመቱበት ዕለት ብሪክስተን በቁጣ ነደደች። ሱቆች ተቃጠሉ፤ ብዙ ወጣቶች ታሠሩ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ቁጣው ያለ ምክንያት የተነሣ አልነበረም። ነገር ግን እሳቱ ሲጠፋ መዝገቡ እንደተዘጋ ቀረ።

ወይዘሮዋ ሲሞቱ ሐኪሞች ሞቱ ከቀድሞው የጥይት ቁስል ጋር የተያያዘ መሆኑን ስላረጋገጡ የአሟሟት ምርመራ እንዲደረግ ተወሰነ። ጥይቱ ሲተኮስ የአሥራ አንድ ዓመት ሕፃን የነበሩት ልጃቸው አቶ ሊ ሎውረንስ የመንግሥት የጥብቅና ድጋፍ ጠየቁ። ተከለከሉ። በዚህ ጊዜ ነው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል እውነትነቱ የታየው። ከ130,000 በላይ ሰዎች ፊርማቸውን አኖሩ፤ መንግሥትም ውሳኔውን ለወጠ። ቤተሰቡ ጠበቃ አግኝቶ በቀረበበት በ2014 ችሎት ጁሪው የፖሊስ ጉድለቶች ለሞቱ ምክንያት መሆናቸውን ወሰነ፤ የለንደን ፖሊስ ኮሚሽነርም ይቅርታ ጠየቁ። ከ1985 እስከ 2014 ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው። ዛሬ በብሪክስተን አደባባይ በ2021 የቆመ የወይዘሮዋ መታሰቢያ አለ።

እሾህና መሰናክል

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። የለንደን ፖሊስ ማንነታቸውን የደበቁ አባላቱን በየሰልፉና በየኮሚቴው አሠርጎ ያስገባ እንደነበር፣ የሟች ቤተሰቦችን ዘመቻ የሚመለከት መረጃም ይሰበስብ እንደነበር በ2014 በወጣ የፖሊስ የራሱ ዘገባ ታምኗል። ይህን የሚያጣራ መንግሥታዊ ኮሚሽን በ2015 ተቋቁሟል። ሲሊያ ስተብስ ራሳቸው ለዓመታት በሰላዮቹ መዝገብ ውስጥ ይገቡ ነበር። ጃኔት አልደርም በወንድማቸው የአሟሟት ምርመራ ጊዜ ፖሊስ ይከታተላቸው ነበር። ገዳይን ለመከታተል ጊዜና ሰው አነሰን የሚል ተቋም እናትና እኅትን ለመከታተል ሰው አላነሰውም።

ሌላው ችግር ከወዳጅ ወገን የሚመጣ ነው። በየትግሉ ሁሉ የሟቹን ፎቶግራፍ ለራሱ ዓላማ ማስታወቂያ አድርጎ፣ ጋዜጠኞች ሲበተኑ አብሮ የሚበተን አይጠፋም። ቤተሰብን ከፊት አሰልፎ ከኋላ ውሳኔውን ለብቻው የሚወስን ረዳት ከረዳትነት ይልቅ ሸክም ይሆናል። የብሪታንያ ቤተሰቦች የራሳቸውን ኅብረት ማቋቋማቸው ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው። ቃሉ የቤተሰቡ ነው፤ ረዳቱ ያን ቃል ከፍ ብሎ እንዲሰማ ያደርጋል።

«ፖሊስም ሰው ነው፤ ሥራውም አደገኛ ነው» የሚል መከራከሪያም ይቀርባል። እውነት ነው። በ1985 በቶተንሃም በፖሊስ ፍተሻ ጊዜ ወይዘሮ ሲንቲያ ጃሬት በልብ ድካም ሲሞቱ፣ በማግሥቱ በተነሣው ሁከት ኪት ብሌክሎክ የተባለ ፖሊስ ተገድሏል። የእርሱም ቤተሰብ ሐዘንተኛ ነው፤ የእርሱም ሞት ፍትሕ ይፈልጋል። ነገር ግን አንድ ሞት ሌላውን ሞት ከመጠየቅ አያድነውም። አደገኛ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ተጠያቂነት አለበት። ሐኪም በቢላዋው፣ ሾፌር በመሪው፣ መሐንዲስ በድልድዩ ይጠየቃል። ፖሊስ ብቻ በዱላው የማይጠየቅበት ምክንያት የለም። እንዲያውም ምርመራው ግልጽ ሲሆን የሚጠቀመው ሥራውን በሐቅ የሚሠራው ፖሊስ ነው። መዝገቡ ሲዘጋ ግን ሐቀኛውም ከአጥፊው ጋር በአንድ ዓይን ይታያል።

ምን እንማራለን?

እነዚህ ቤተሰቦች ያገኙት ድል ሙሉ አይደለም። በሾን ሪግ ጉዳይ ተጠያቂ የነበሩት አምስት ፖሊሶች በ2019 ከሥነ ሥርዓት ክስ ነጻ ወጥተዋል። በብሌር ፒች ጉዳይ የተቀጣ የለም። ሟቾቹም አልተመለሱም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በማያጠራጥር ሁኔታ ተረጋግጧል። የተሸሸገ ዘገባ የወጣው፣ የተከለከለ ጠበቃ የተገኘው፣ አዲስ ሕግ የጸደቀው በባለሥልጣን ርኅራኄ ሳይሆን በተደራጀ ጥያቄ ነው።

ለሠፈር ማኅበርተኛና ለሠራተኛ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ተግባራዊ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ እንዲህ ያለ ሐዘን በደረሰ ጊዜ የዓይን ምስክሮች ያዩትን ቀንና ሰዓት ሳይረሱ በዚያው ዕለት መጻፍ ይኖርባቸዋል። ዘግይቶ የተነገረ ምስክርነት በጠበቃ ጥያቄ በቀላሉ ይፈርሳል። ቀጥሎም ቤተሰቡ ብቻውን ወደ ጣቢያ፣ ወደ ሬሳ ክፍል፣ ወደ ችሎት መሄድ አይገባውም። ፍርድ ቤት ውስጥ ከእናቲቱ ኋላ የሚቀመጡ አሥር ጎረቤቶች አንድ ቃል ሳይናገሩ ብዙ ይናገራሉ። የመዋጮውም ጉዳይ ከወረት መውጣት አለበት። እድራችን ቀብርን በየወሩ በሚሰበሰብ ትንሽ ገንዘብ እንደሚችል ሁሉ፣ የፍትሕን ወጪ የሚችለውም በየጊዜው የሚሰበሰብ ትንሽ ገንዘብ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ደግሞ አባሉ ለችሎት ቀጠሮ ከሥራ ሲቀር ደመወዙ እንዳይቆረጥበት ቢያስፈቅድለት ከብዙ መፈክር የበለጠ ይረዳዋል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያስፈልገው ዕድሜ ነው፤ የድጋፍ ዕድሜ። ጩኸት በሚበዛበት በመጀመሪያው ሳምንት ወዳጅ አይጠፋም። የሟች ቤተሰብ ወዳጅ የሚለየው በአራተኛው ዓመት፣ ጋዜጣው ስለ ጉዳዩ መጻፍ ባቆመበት፣ ቀጠሮው ለሰባተኛ ጊዜ በተላለፈበት ቀን ነው። በዚያ ቀን በችሎቱ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚገኝ ጎረቤት እውነተኛው ለቅሶ ደራሽ እርሱ ነው። ድንኳኑ ቢፈርስም መዝገቡ አልተዘጋምና!